ደጅ ጥናት በስልክ
(አሶሳ ላይ ለዘንድሮ ተመራቂዎች የተዘጋጀ ዲስኩር)



ወጌን ከአንድ እርሳስ ልጀምር። ከአሶሳ ተነሥቼ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የገባሁ ሰሞን ሀብቴ ሁለት ነበር፤ በክላሰር የታጨቀ ፎቶ ኮፒና ግማሹ ያለቀ እርሳስ። ጠዋት በታክሲ ተጋፍቼ አራት ኪሎ እወርድና ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ከተኮለኮለው ሰው እቀላቀላለሁ። ከፊቴ በቆመው ልጅ ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ አነባለሁ። ከዚያ ወረቀቴን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ስልክ ቁጥሩንና የምዝገባውን የመጨረሻ ቀን እገለብጣለሁ። እርሳስ የያዝኩት ወድጄ አልነበረም። እስክሪብቶ ሽቅብ ሲይዙት ሁለት መስመር ሳይጽፍ ቀለሙ ይሸሻል፤ እርሳስ ግን በየትም በኩል ይጽፋል። ይህን ያስተማረኝ ከእኔ ቀድሞ ሁለት ዓመት እዚያ ሰሌዳ ሥር የቆመ ልጅ ነው።

ያ ልጅ ጉድ ነበር። የትኛው ጋዜጣ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ዋናውን ካላየ ኮፒ እንደማይቀበል፣ የትኛው ጥበቃ አዝኖ እንደሚያስገባ በቃሉ ያውቃል። ማስታወቂያ በማግኘት የሚስተካከለው አልነበረም። ሥራ ግን አልነበረውም።

የዛሬው ነገሬ ሁሉ ከዚህ ልጅ አይርቅም። ማስታወቂያ ማግኘትና ሥራ ማግኘት ምን ያህል እንደሚራራቁ፣ በመካከላቸው ያለውን መንገድም በየኪሳችን ባለው ስልክ እንዴት ልናሳጥረው እንደምንችል ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት።

አገራችን ለሥራ ፍለጋ የቆየ ስም አላት፤ ደጅ ጥናት። ሹመት የፈለገ ሰው ከመኳንንቱ ደጅ ይውላል፤ ሲወጡ እጅ ይነሣል፣ ሲሄዱ ያጅባል፣ ዓይናቸው እስኪያርፍበት ይጠብቃል። የሚጠብቀውም በሩ እስኪከፈት ብቻ አልነበረም። ስሙን ይዞ የሚገባለት፣ «እገሌ እኮ እንዲህ ያለ ሰው ነው» የሚልለት ሰው ይሻ ነበር። ጋዜጣ ሲመጣ ደጁ ወረቀት ላይ ወጣ። ግንቦት 30 ቀን 1933 የተጀመረው አዲስ ዘመን ስንቱ ሥራ ፈላጊ ከዜናው በፊት የኋላ ገጹን የገለጠበት ጋዜጣ ነው። ከጋዜጣ ወደ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳ ወደ ቴሌግራም፤ ደጁ ሲዘዋወር እዚህ ደረስን። «ማን ነህ? ምን ትችላለህ? ማን ያውቅልሃል?» የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም ደጁ ላይ ቆሟል።

ይህን ነገር በሥርዓት የለኩት ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢትዮጵያዊው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ግሩም አበበና የውጭ አገር ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ውስጥ ቋሚ ሥራ የሌላቸውን፣ ከመሐል ከተማ ራቅ ብለው የሚኖሩ ወጣቶችን መዝግበው በቡድን ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን መሐል ከተማ ደርሶ መልስ የታክሲ ገንዘብ ሰጡት፤ ሰሌዳው ዘንድ ሄዶ እንዲያነብ፣ ማመልከቻ እንዲያስገባ። ለሌላው ቡድን የታክሲ ገንዘብ ሳይሆን ሥልጠና ሰጡት። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ጋር ሆነው ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍን፣ ቃለ መጠይቅ ላይ አቀራረብን አስተማሩት፤ ችሎታውን ፈትነው ውጤቱን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት አስያዙት።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱም ጠቀሙ፤ ሁለቱም ቡድኖች መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ። ተመራማሪዎቹ ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን የታክሲው ገንዘብ ያመጣው ለውጥ ጠፍቷል። የሠለጠኑት ምንም ድጋፍ ካላገኙት እኩዮቻቸው 20 በመቶ ገደማ የበለጠ ገቢ ነበራቸው፤ ሥራቸውም የተሻለ ዕድሜ ነበረው። በጣም የተጠቀሙትም ወትሮ ሥራ ለማግኘት ይበልጥ የሚቸገሩት ነበሩ። ልጆቹ ችሎታው መጀመሪያውኑ ነበራቸው፤ ቀጣሪው ነበር ማየት ያቃተው። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባል የለ? ያላየውን ችሎታም ማንም አይቀጥርም።

እንግዲህ የታክሲውን ገንዘብ በኢንተርኔት ተኩትና ወደ እኛ አምጡት። አሶሳ ከአዲስ አበባ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በወለጋ በኩል መንገዱ ተዘግቶ ሰው የከረመባቸውን ወራት ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ያን ሁሉ ርቀት ዛሬ የአንድ ቀን ፓኬጅ ይሰርዘዋል። ይህን ቀላል ነገር ነው አልልም፤ በእኔ ጊዜ አንድ ማመልከቻ ማስገባት የአውቶቡስ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ነበር። ግን ስልኩ የሚከፍልልን የታክሲውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ሥራ፣ ችሎታችንን ማሳየቱን፣ ራሳችን ነን የምንሠራው።

መጀመሪያ ደጆቹን ቶሎ ቶሎ ልቁጠራቸው። ኢትዮጆብስ ከቆዩት የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾች አንዱ ነው፤ የድርጅቶችና የትልልቅ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ይበዛበታል። ሀሁ ጆብስ በየቦታው ተበታትኖ የሚወጣውን ማስታወቂያ እየሰበሰበ ያቀርባል። አፍሪወርክ በቴሌግራም ይሠራል፤ ስለዚህ በደካማ ኔትወርክም ይቀናል። «ደረጃ» የሚባለው ለአዲስ ተመራቂ የተሠራ ነው፤ «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውን ማስታወቂያ ለሚፈልግ ሰው ከማስታወቂያው ሌላ የሥራ ዝግጅት ሥልጠናም አለው። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ደግሞ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት አለው፤ ወደ ውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ ለሥራ የሚሄድ ሰው የሚመዘገበውም በዚያው ነው። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥራችሁንም አስቀድማችሁ ያዙ፤ በምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሰልፍ የሚይዝ ሰው ማስታወቂያው ያልፈዋል።

እዚህ አሶሳ ላይ ከሁሉ የሚቀርበንን ደጅ ግን ብዙዎቻችን አናንኳኳም። ሪሊፍዌብ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የሚያስተዳድረው ድረ ገጽ ነው። የዕርዳታ ድርጅቶች ማስታወቂያ በአገር ተለይቶ ይወጣበታል። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ከፈነዳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የገባውን ሕዝብ አይታችኋል። ሸርቆሌ፣ ባምባሲ፣ ጾሬ፣ አሁን ደግሞ ኡራ፤ መጠለያዎቹ ሁሉ በዙሪያችን ናቸው። እዚያ የሚሠራ ድርጅት መዝጋቢ፣ አስተርጓሚ፣ ውኃ ባለሙያ፣ ነርስ፣ መጋዘን ጠባቂ ይፈልጋል። የሥራው ቦታ አሶሳ፣ ማስታወቂያው ግን ዓለም ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ ነው። ደጃችን ላይ ያለውን ሥራ ሌላው ከሩቅ አይቶት ሲመጣ የምናየው ለዚህ ነው።

አሁን ስለዚያ ሁለተኛ ሥራ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት የመስክ ሠራተኛ ሊቀጥር በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ አስቀመጠኝ። ከፊታችን የሲቪ ክምር አለ። አንዱን ስታነሡ ሌላውን ያነበባችሁት ይመስላችኋል። ሁሉም ታታሪ ነው፤ ሁሉም በቡድን መሥራት ይችላል፤ ሁሉም የሥራ ጫና ይቋቋማል። እንዲያውም ሦስቱ አንድ ዓይነት የፊደል ስሕተት አላቸው፤ ከአንድ ጽሕፈት ቤት እንደተገለበጡ አወቅን። ከመካከላቸው የአንዲት ልጅ ሲቪ ነበረ፤ ቋንቋ በሚለው ሥር «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ብላለች። ሌሎቹም እንደዚያው። ለቃለ መጠይቅ የጠራናት በውጤቷ ነው።

ተራዋን ስትጠብቅ እኛ ለሻይ ወጣን። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጉዳያቸውን የሚያቀርቡበት ቢሮ ጠፍቶባቸው የተቸገሩ አንድ ሱዳናዊ አዛውንት በዐረብኛ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ታስረዳለች። እሳቸውን ሸኝታ ዞር ስትል ሻይ ከምታፈላዋ እናት ጋር በበርትኛ ሳቅ ጀመረች። ከእኛ አንዱ ሲኒውን እንደያዘ ቆመ። ስትገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ «ዐረብኛና በርትኛ ትችያለሽ፤ ለምን ሲቪሽ ላይ አልጻፍሽውም?»

ልጅቷ ግራ ገባት። «እሱም ይጻፋል እንዴ?» አለች፤ «እኛ ቤት እኮ ሁሉም ሰው ይናገረዋል።»

ተቀጠረች። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚያች ሰዓት ሻይ ባያምረን ኖሮስ? ከክምሩ ውስጥ ስንት ልጅ ነው ሦስት አራት ቋንቋ እየቻለ «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ብሎ የተመለሰ?

የዚህ ክልል ሕገ መንግሥት አምስት ነባር ሕዝቦችን በስም ይጠራል፤ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ። ከእነሱ ጋር በሰፈራም በንግድም መጥቶ አብሮ የሚኖረው አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሌላውም አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ገበያ ሲሄድ አንድ ቋንቋ፣ ቤት ሲገባ ሌላ፣ ክፍል ሲገባ ሦስተኛ የማይናገር ሰው ጥቂት ነው። ለእኛ አየር ነው፤ ሲተነፍሱት አይታወቅም። አዲስ አበባ ላይ ማስታወቂያውን ለሚጽፈው ሰው ግን በገንዘብ የማያገኘው ነገር ነው።

ቋንቋ ብቻ አይምሰላችሁ። በማንጎ ወቅት የእናቷን ንግድ ሒሳብ የያዘች ልጅ የገንዘብ አያያዝ ልምድ አላት። የሰፈሩን ዕቁብ ሁለት ዓመት የጻፈ ልጅ የሰው ገንዘብ ታምኖ ይዟል። አያቱን ጤና ጣቢያ ወስዶ ለሐኪሙ ያስተረጎመ፣ በክረምት በጎ ፈቃድ ችግኝ የቈጠረ፣ ሞተር ሳይክል የሚነዳ፤ ይህ ሁሉ ሲቪ ላይ ቦታ አለው። አጻጻፉ ግን እንደ ሙገሳ አይሁን። የት፣ መቼ፣ ምን ያህል፣ ማን ያውቅልሃል ለሚሉት አራት ጥያቄዎች መልስ ይኑረው። «ታታሪ ነኝ» የሚለውን ማንም ይጽፈዋል። «የ30 ሰው ዕቁብ መዝገብ ለሁለት ዓመት ይዣለሁ፤ ሰብሳቢውን መጠየቅ ይቻላል» የሚለውን የሚጽፈው የያዘው ሰው ብቻ ነው።

ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን እንዳደግን አውቃለሁ። ያው ባህል ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎናል። እውነቱን ከነማስረጃው ያስቀመጠ ሰው ጉራ ነዛ አይባልም።

አንዲት ትንሽ ነገር፣ ግን ብዙ ሰው ያሰናከለች። ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት ነው የሚጻፈው? በተለይ እናንተ ካሊድ፣ መሐመድ፣ አልመሐዲ የምትባሉ፤ ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፋይዳው ላይ ሌላ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ሦስተኛ ሆኖ የሚገኝ ስም ስንት አለ! ለሰው ዓይን አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒዩተር ሦስት። ዲግሪው ሳይታተም በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ አመሳክሩት።

አሁን ወደ ዕቅድ ልሻገር። ብዙዎቻችን ማስታወቂያ የምናነበው ሥራ ስንፈልግ ብቻ ነው። ተመራቂዎቹን ልታጅቡ የመጣችሁ፣ ገና አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ያላችሁ ግን ከዛሬ ጀምራችሁ አንብቡት፤ ማስታወቂያ የገበያው ካርታ ነውና። ከሁለት ዓመት በኋላ ልትይዙት የምትመኙትን ሥራ 20 ማስታወቂያ ሰብስቡ፤ ቴሌግራማችሁ ላይ አስቀምጧቸው። አንድ እሑድ ቁጭ ብላችሁ በሁሉም ላይ የሚደጋገመውን መስፈርት ብቻ በደብተር ጻፉ። ያ ዝርዝር ክፍል ውስጥ ያልተሰጣችሁ ኮርስ ነው።

ለምሳሌ የዕርዳታ ድርጅቶችን የመስክ መረጃ ሰብሳቢ ማስታወቂያ ስታነቡ ኮቦ ቱልቦክስ የሚል ደጋግማችሁ ልታገኙ ትችላላችሁ። በስልክ መጠይቅ እየሞሉ መረጃ የሚሰበሰብበት መሣሪያ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የተሞላው ተቀምጦ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። በነፃ ከፍታችሁ፣ የራሳችሁን መጠይቅ ሠርታችሁ፣ የሰፈራችሁን 20 ቤት የውኃ ችግር ብትመዘግቡበት ከሰርተፍኬት የሚልቅ ማስረጃ ይዛችኋል። ኮምፒዩተር የሚስባችሁ ደግሞ ሐምሌ 2016 በይፋ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር አለላችሁ፤ የድረ ገጽ ሥራ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በነፃ ይሰጣል።

ካርታውን ስታነቡ ግን አንድ ደጅ ላይ ብቻ አትቁሙ። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም በአገራችን በርካታ የድርጅት ሠራተኞች በአንድ ሰሞን ሥራ አጥተዋል። ዓይናችሁን ወደ ራሱ ወደ መሬታችን አሻግሩት። ጉባ ላይ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ለሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ባለሙያ ይፈልጋል። ከኋላው የተኛው ውኃም ዓሣ አስጋሪና ዓሣ አቀነባባሪ ይፈልጋል። በኩርሙክ የወርቅ ማዕድን እየለማ ነው፤ ማዕድን ሲባል ቈፋሪ ብቻ አይደለም፣ ቀያሽ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ የደህንነት ተቆጣጣሪ፣ ምግብ አቅራቢም ነው። ማንጎአችንን እያደረቀ ያለው ነጩ ተባይ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ያለህ እያለ ነው። ቀርከሃችን ከአጥርና ከቤት ማገር አልፎ የሚያውለውን ሰው እየጠበቀ ነው። አንዳንዱ ሥራ ማስታወቂያ አይወጣለትም፤ ፈላጊው ራሱ ነው የሚከፍተው።

ደጅ ባለበት ሁሉ ደጁን የሚሸጥ አይጠፋም። በእኔ ጊዜ ሰሌዳው አጠገብ የሚቆም ደላላ ነበር፤ ዛሬ የታወቀ ድርጅት አርማ ለጥፎ የቴሌግራም ቻናል ይከፍታል። «ተመርጠሃል፤ ለምዝገባና ለሥልጠና 500 ብር በቴሌብር ላክ» ይላል። እዚያ ላይ ቁሙ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው 181ኛው ስምምነት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ መሠረታዊ ደንብ አድርጎ አስቀምጧል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1999 አጽድቃዋለች። ስለዚህ ሥራ ለመስጠት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሥራ የለውም፤ የእናንተ ገንዘብ ነው ሥራው። ማስታወቂያውን በድርጅቱ በራሱ ገጽ ላይ ፈልጉት። የመታወቂያችሁን ፎቶ ለማታውቁት ሰው አትላኩ። እኅቶቼ ደግሞ ለቃለ መጠይቅ ካፌና ሆቴል የሚቀጥራችሁን ሰው መሥሪያ ቤቱን ጠይቁት፤ መልስ ካጣ እናንተም መልስ አትስጡት።

«ዳታ ውድ ነው፤ በየቀኑ ይህን ሁሉ ገጽ ከየት አባቴ አያለሁ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። መልሱን ግን እናቶቻችን ዘንድ አገኘሁት። ዕቁብ ግቡ፤ የማስታወቂያ ዕቁብ። ስድስት ጓደኛሞች ሁኑና ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለእያንዳንዱ አንድ ቀን ስጡት። የዕለቱ ባለ ተራ ገጾቹን ሁሉ ያያል፤ ለማን የሚሆን ማስታወቂያ እንዳገኘ ለይቶ ለስድስቱም ያደርሳል። አንዱ በቀጣሪ ዓይን የሌላውን ሲቪ ያነባል። ያ አራት ኪሎ ያገኘሁት ልጅ የጎደለው ይኸው ይመስለኛል፤ ስለ ማስታወቂያው ሁሉን የሚያውቅ ነበር፤ እሱን ተመልክቶ «አንተ እኮ ይህን ትችላለህ» የሚለው ጓደኛ አልነበረውም። እኔም አላልኩትም። የእርሳሱን ምክር ተቀብዬው ሄድኩ።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ያንን ዕዳዬን ላቃልል። እስቲ ስልካችሁን አውጡ። ማስታወሻ መጻፊያውን ክፈቱ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የምትናገሯቸውን ቋንቋዎች ሁሉ ጻፉ፤ የቤቱንም፣ የገበያውንም። ጨረሳችሁ? አሁን ስልኩን በስተቀኛችሁ ለተቀመጠው ሰው ስጡት። እሱ ደግሞ እናንተ የረሳችሁትን፣ እሱ ግን የሚያውቅላችሁን አንድ ነገር ከሥሩ ይጻፍበት።

እጠብቃለሁ። አትቸኩሉ፤ በደንብ አስባችሁ ጻፉላቸው።